የማርስ ሸክላ ከየት መጣ? ከዝናብ ወይስ ከከርሰ ምድር?

ጥያቄው፦ «ማርስ ላይ ዕድሜ ጠገብ የሸክላ ማዕድናት በብዛት እንደተገኙ አነበብኩ። ሸክላ ያለ ውሃ አይፈጠርም። እንግዲያው ማርስ በአንድ ዘመን ሞቃትና ዝናብ የሚዘንብባት ፕላኔት ነበረች ብለን መደምደም እንችላለን? ካልሆነ ያ ሁሉ ሸክላ ከየት መጣ? ውሃውስ የት ገባ?»

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ውሃ ነበረ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሙቀትና ዝናብ ግን ከሸክላው ብቻ አይወጡም። ጠያቂያችን ሁለቱን ለያይተው ማየታቸው ጥሩ ነው፤ በዜና ላይ ሁልጊዜ ተጣብቀው ነው የሚቀርቡት። «ሸክላ ተገኘ» በተባለ ቁጥር ደመናና ሰማያዊ ባሕር ያላት ማርስ ትሳላለች። እኔ ማስረጃውን ሳየው ግን አብዛኛው የማርስ ሸክላ ሲፈጠር ከሰማይ ጋር ጉዳይ አልነበረውም። ከመሬት በታች፣ በሞቀ አለት ስንጥቅ ውስጥ ነው የተፈጠረው። ላይ ላዩን የተፈጠረም አለ። እሱ መጠኑ ያንሳል፤ ስለ አየር ንብረት የሚናገረው ግን እሱ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ከማዕድኑ ልጀምር። የሸክላ ማዕድን ሲሊከንና ኦክስጅን ከአሉሚኒየም፣ ከብረት ወይም ከማግኒዥየም ጋር በስስ ንጣፍ ተደርድረው የሠሩት ክሪስታል ነው። ንጣፎቹ እንደ መጽሐፍ ገጾች ተደራርበዋል። በእያንዳንዱ ገጽ ውስጥ ሃይድሮክሲል፣ ማለትም የተጣመሩ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን፣ ተሰክቷል። ይህ ከውሃ የመጣ ነው። ስሜክታይት በሚባለው ቤተሰብ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ በገጾቹ መሃል ይገባል፣ ይወጣል።

አሁን ወደ አሠራሩ። የማርስ የላይኛው ቅርፊት በአብዛኛው የተሠራው ከባዛልት ነው፤ ላቫ ቀዝቅዞ ከሚሠራው ጥቁር አለት። ባዛልት ውሃ ሲያገኘው በውስጡ ያሉት ኦሊቪንና ፓይሮክሲን የተባሉት ማዕድናት ይፈርሳሉ። ቀጥሎ የሚሆነው በውሃው ጠባይ ይወሰናል። ውሃው ትንሽ ከሆነና ባለበት ከቆመ፣ ከአለቱ የተፈታው ንጥረ ነገር የትም አይሄድም። የሚወጣው ሸክላም የእናት አለቱን ይመስላል፦ ብረትና ማግኒዥየም የበዛበት ስሜክታይት። ውሃው ብዙ ከሆነና ከላይ ወደ ታች እያጠበ ካለፈ ግን ማግኒዥየሙ፣ ካልሲየሙና ሶዲየሙ ተጠርገው ይሄዳሉ። እምቢ ብሎ የሚቀረው አሉሚኒየም ነው። ያኔ ካኦሊናይትን የመሳሰሉ አሉሚኒየም የበዛባቸው ሸክላዎች ይፈጠራሉ። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሲወጣ ደግሞ ክሎራይት ይመጣል። አብሮት ፕሬናይት የሚባል ማዕድን ይታያል። ፕሬናይት ሸክላ አይደለም፣ ግን ሙቀቱን ያሳብቃል።

ስለዚህ «ሸክላ አለ» የሚለው ብቻውን ብዙም አይነግረንም። የትኛው ሸክላ? ከማን ጋር ተቀምጧል? በየትኛው ንብርብር? ጥያቄው እዚያ ነው።

ይህ ሁሉ እንዴት ታወቀ? በምህዋር ላይ ባሉ መንኩራኩሮች። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ማርስ ኤክስፕረስ በ2003 መጨረሻ ማርስ ደረሰ። ኦሜጋ የተባለ መሣሪያ ይዞ ነበር። መሣሪያው ከመሬቱ የሚንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃን፣ በተለይ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ፣ በየሞገድ ርዝመቱ ይበትናል። ሸክላ የተወሰኑትን ሞገዶች ይመጥጣል፦ 1.9 ማይክሮሜትር ላይ በውሃው ምክንያት፣ 2.2 አካባቢ አሉሚኒየም ካለበት፣ 2.3 አካባቢ ብረት ወይም ማግኒዥየም ካለበት። በ2005 የኦሜጋ ቡድን ሸክላ ማግኘቱን ይፋ አደረገ። በቀጣዩ ዓመት ዣን ፒየር ቢብሪንግና ባልደረቦቹ የማርስን ታሪክ በማዕድን ከፈሉት፦ መጀመሪያ የሸክላ ዘመን፣ ከዚያ የሰልፌት፣ ማለትም ድኝ ያለባቸው ጨዎች፣ ዘመን፣ መጨረሻ ላይ እስከ ዛሬ የቆየው ደረቅ የዝገት ዘመን። ክፍፍሉ ዛሬ ብዙ ጠርዙ ተሸራርፏል። አጽሙ ግን እንደቆመ ነው።

በ2006 ማርስ የደረሰው ማርስ ሪኮኔሰንስ ኦርቢተር ክሪዝም የተባለ የተሻለ መሣሪያ ይዞ መጣ። ኦሜጋ በመቶ ሜትሮች የሚለካ ቦታ እንደ አንድ ነጥብ ሲያይ፣ ክሪዝም እስከ 18 ሜትር ወርዶ ለየ። ሸክላ በጥቂት ቦታዎች ብቻ ሳይሆን በሺህ በሚቆጠሩ ቦታዎች እንዳለ የታወቀው በዚህ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። እነዚህ መሣሪያዎች የሚያዩት የመሬቱን ገጽ ብቻ ነው። ስስ አቧራ ከሸፈነው ያለው ነገር አይታይም። ስለዚህ የማርስ የሸክላ ካርታ በከፊል አቧራ የሌለባቸው ቦታዎች ካርታም ነው።

ሆኖም ከካርታው አንድ ግልጽ ነገር ይወጣል። ሸክላው ጥንታዊ በሆነው ቅርፊት ላይ ነው የሚገኘው፣ ከ3.7 ቢሊዮን ዓመት በፊት በተፈጠረው። ከዚያ በኋላ በፈሰሱት ሰፋፊ የላቫ ሜዳዎች ላይ የለም ማለት ይቻላል። በሰሜኑ ዝቅተኛ ሜዳ ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ታየ። ትልልቅ ተወርዋሪ አካላት የመቱት ቦታ ላይ፣ ከሥር በተፈነቀለው አለት ውስጥ ሸክላ ተገኘ። ላይ ላዩ ወጣት ላቫ ነው፣ ከሥሩ የተቀበረው አሮጌ ቅርፊት ግን ሸክላ አለበት። በደቡቡ ከፍተኛ መሬትም ተመሳሳይ ነው። በብዙ ትልልቅ የግጭት ጉድጓዶች መሃል የሚቆመው ጉብታ ከጥልቅ የተነሳ አለት ነው፣ እዚያም ሸክላ አለ። ይህ ከላይ የተቀባ ቀለም አይደለም። ቅርፊቱ ውስጥ ድረስ የገባ ነገር ነው።

በ2011 ቤታኒ ኤልማንና ባልደረቦቿ ይህን ሁሉ አሰባስበው አንድ ጠንካራ ሐሳብ አቀረቡ። በብዛት ያለው ሸክላ የብረትና የማግኒዥየም ዓይነት ነው። የኬሚካል ቅንብሩ ከእናት አለቱ ብዙ አልራቀም፣ ማለትም ብዙ ውሃ አላጠበውም። በአንዳንድ ቦታ ክሎራይትና ፕሬናይት አብረውት አሉ። እነዚህ የሚፈጠሩበት ሙቀት በየትኛውም ዝናብ አይገኝም፣ ከጥልቅ እንጂ። ድምዳሜያቸው አብዛኛው ሸክላ የተፈጠረው በከርሰ ምድር ውሃ ነው የሚል ነበር፣ ውሃው ከአለቱ ጋር ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ በኖረበት። ላይኛው መሬት እርጥብ የነበረው ለአጭር ጊዜ ነው፣ በየመሃሉ። እኔ ከዚህ ሐሳብ ጋር ነኝ።

ሙቀቱ ከየት መጣ? ይህ ቀላል ነው። ወጣት ፕላኔት ውስጧ ይነዳል። ማግማ ወደ ቅርፊቱ ይገባል። ግጭቶች ደግሞ ራሳቸው ምድጃ ናቸው። ጀርመን ውስጥ ሪስ የሚባል ጉድጓድ አለ። ስፋቱ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የተፈጠረውም ከ15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ግጭቱ ያሞቀው አለት ውስጥ ፍል ውሃ ተዘዋውሮ ሸክላ ሠርቷል። ማርስ በመጀመሪያዎቹ መቶ ሚሊዮን ዓመታት ከዚህ በብዙ የሚበልጡ ግጭቶች በላይ በላዩ ወርደውባታል። ከመሬት በታች በረዶ ካለ ደግሞ ግጭቱ ያቀልጠዋል። ከላይ ያለው አየር የቱንም ያህል ቢቀዘቅዝ ከሥር ያለው ሥራ አይቆምም።

ይህ አንድ ራስ ምታት ያቃልላል። ከ4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፀሐይ ብርሃን ከዛሬው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነበር። ማርስ ደግሞ ከምድር ይልቅ ከፀሐይ ትርቃለች። የአየር ንብረት ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ማርስን ለሚሊዮን ዓመታት ያለማቋረጥ ሞቃት ለማድረግ ሲታገሉ ኖረዋል፤ አልገራላቸውም። አብዛኛው ሸክላ ከሥር ከተፈጠረ፣ ያን ያህል መታገል አያስፈልግም።

አየሩ ሞቃት ባይሆንም ሸክላ ሊፈጠር እንደሚችል የሚያሳይ ነገር ደግሞ እጃችን ላይ አለ። ሰኔ 28 ቀን 1911 ግብፅ ውስጥ ናክላ በሚባል አካባቢ ከሰማይ ድንጋይ ወደቀ። የመጣው ከማርስ ነው። እሱና ዘመዶቹ፣ ናክላይት የሚባሉት፣ ከቀለጠ አለት የረጉት ከ1.3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያኔ ማርስ እንደ ዛሬው ደረቅና ብርዳም ሆና ቆይታለች። ሆኖም በድንጋዮቹ ስንጥቅ ውስጥ ስሜክታይትን የሚመስል ሸክላ ያለበት ደቃቅ ደም ሥር አለ። ጥቂት ውሃ፣ ጥቂት ሙቀት፣ የተሰነጠቀ አለት፤ ሌላ አላስፈለገም። መጠኑ ጥቂት ስለሆነ የጥንቱን ሸክላ ሁሉ በዚህ እናስረዳ ማለቴ አይደለም። «ሸክላ ካለ አየሩ ሞቃት ነበር» የሚለውን ሕግ ለማፍረስ ግን ይበቃል።

እንግዲህ ለዝናብ ወገንም እንናገር፣ ባዶ እጁን አይደለምና።

ማውርዝ ቫሊስ በሚባለው ሸለቆ ዙሪያ የሸክላ ንብርብር አለ። ውፍረቱ ከ150 ሜትር በላይ ነው። ታችኛው ክፍል የብረትና የማግኒዥየም ስሜክታይት ነው። ላዩ ላይ ስስ የአሉሚኒየም ሸክላ ተነጥፏል፣ ካኦሊናይትም አለበት። ምድር ላይ ዝናብ ከላይ ወደ ታች የሚያጥበው አለት ልክ እንዲህ ዓይነት ቅደም ተከተል ይሠራል። ላዩ ብዙ ይታጠባል፣ ታቹ ትንሽ። ተመሳሳይ ቅደም ተከተል በማርስ ሌሎች ብዙ ቦታዎችም ተገኝቷል። የላዩን ሸክላ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ለማያያዝ መሞከር፣ በእኔ እይታ፣ እልህ ነው። ውሃ ከላይ ወርዷል። ከዝናብ ይሁን ከቀለጠ በረዶ መለየት ከባድ ነው። ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ግን ሊገመት ይችላል፣ ምክንያቱም በሞቀ ጊዜ ሸክላ ቶሎ ይፈጠራል። ጃኒስ ቢሾፕና ባልደረቦቿ በ2018 ያቀረቡት ይህን ነው፦ በአብዛኛው ብርዳም በሆነች ማርስ ላይ አጫጭር ሞቅ ያሉ ወቅቶች ሸክላውን ሊሠሩት ይችላሉ።

በ2021 ጄዜሮ በተባለው ጉድጓድ ውስጥ ያረፈው ፐርሲቪራንስ የተባለ ሮቨር፣ ማለትም መሬት ላይ እየተሽከረከረ የሚመረምር ማሽን፣ ሌላ ነገር ጨመረ። ወለሉ ላይ ነጣ ያሉ ድንጋዮች ተበታትነው አሉ፣ በሺህ የሚቆጠሩ። ከተመረመሩት ውስጥ ካኦሊናይት ያለባቸው ተገኝተዋል። ካኦሊናይት ብዙ ውሃ ይፈልጋል፣ የሚያጥብና የሚያልፍ ውሃ። ችግሩ ድንጋዮቹ ከየትኛው አለት ተነቅለው እንደመጡ አልተገኘም። ስለዚህ ዝናብ ነው የሚሉም አሉ፣ ፍል ውሃም ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። የነጡት አለቶች በቦታቸው ሳሉ እስኪታዩ ድረስ በዚህ ላይ መጨቃጨቅ ብዙ አያራምድም።

ሐይቆቹስ? ሐይቅ በእርግጥ ነበረ። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ሐይቅ ውስጥ የተገኘ ሸክላ ሁሉ ሐይቅ ውስጥ የተፈጠረ አይደለም። ጄዜሮ ውስጥ በጥንታዊው ደለል ላይ ከምህዋር የሚታየው ሸክላ አብዛኛው ወንዙ ከላይኛው ተፋሰስ አጥቦ ያመጣው ነው ተብሎ ይታሰባል። ወንዙ የጠረገው መሬት ደግሞ ቀድሞውኑ ሸክላ ነበረበት። ማለትም ሸክላው ከወንዙ ይቀድማል። ከምህዋር ብቻ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ።

ጌል የተባለው ጉድጓድ ግን ተቃራኒውን አሳየን። ኪውሪዮሲቲ የተባለው ሌላው ሮቨር እዚያ ያረፈው በ2012 ነው። የሎናይፍ ቤይ በተባለ ቦታ የጭቃ አለት ቆፍሮ ዱቄቱን በኤክስሬይ መረመረ። ከአለቱ 20 በመቶ ያህሉ ስሜክታይት ሆኖ ተገኘ። ይህ ብቻ ከየት እንደመጣ አይናገርም። የሚናገረው የጎደለው ነገር ነው። በአካባቢው ባለው አሸዋ ውስጥ ኦሊቪን በብዛት አለ፣ በጭቃ አለቱ ውስጥ ግን በጣም ቀንሷል፣ በምትኩ ሸክላና ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን አሉ። ኦሊቪኑ እዚያው ተለውጦ ሸክላ ሆኗል ማለት ነው፣ ደለሉ ሐይቁ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ። ውሃውም አሲድ አልነበረም፣ ጨውም አልበዛበትም።

እዚያው አለት ላይ በ2013 የታተመ ሌላ ውጤት አለ፣ በሌላ ፕላኔት ላይ በቦታው የተሠራ የመጀመሪያው የአለት ዕድሜ ልኬት። ፖታሲየምና አርጎን ተለክተው 4.2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ወጣ። ሐይቁ ግን ከዚያ ያንሳል። የተለካው ወንዙ ያመጣቸው ቅንጣቶች ዕድሜ ነው። እንግዲህ በአንድ እፍኝ ጭቃ ውስጥ አሮጌ ቅንጣትና ከእሱ የሚያንስ ሸክላ አብረው ተቀምጠዋል። «የሸክላው ዕድሜ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ባለሙያ የሚያመነታው ለዚህ ነው።

ሁለት ሌሎች ሐሳቦችን በአጭሩ ልጥቀስ፣ ጠያቂያችን ሊያጋጥሟቸው ስለሚችሉ። በ2012 አላን ሙኒዬና ባልደረቦቹ ሸክላ ከውጭ ውሃ ሳይገባ፣ ማግማው ራሱ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ካለው ውሃ ሊረጋ ይችላል አሉ። ምሳሌያቸው በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለው የሙሩሮዋ ደሴት ላቫ ነው። በአንዳንድ ቦታ ሊሠራ ይችላል። ለማውርዝ ዓይነት ቅደም ተከተል ግን መልስ የለውም። ሁለተኛው የኬቪን ካነንና ባልደረቦቹ የ2017 ሐሳብ ነው። ማርስ ገና ስትወለድ ላይዋ የቀለጠ አለት ነበር፤ ከሱ የወጣው እንፋሎት ወፍራም ከባቢ አየር ሠራ። ቅርፊቱ ሲረጋ በዚያ የጋለ እንፋሎት ውስጥ ተቀቅሎ ሸክላ ሆነ ይላሉ። በላቦራቶሪ ባዛልትን በዚያ ሁኔታ አስቀምጠው ሸክላው በፍጥነት እንደሚፈጠር አሳይተዋል። ሐሳቡ ያምራል። ለጥልቁ ሸክላ ስፋት ምክንያት ይሰጣል። ለመፈተን ግን ያስቸግራል፣ ያን የመጀመሪያ ቅርፊት ግጭቶች ደጋግመው ፈልሰውታልና።

በእኔ አቋም ላይ የሚነሳ አንድ ነጥብም አለ፣ መደበቅ አልፈልግም። ብርዳም ማርስን ከሚደግፉት ክርክሮች አንዱ የካርቦኔት እጥረት ነበር። ወፍራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየርና ብዙ ውሃ ከነበሩ፣ ካርቦኔት የሚባለው አለት በየቦታው መገኘት ነበረበት፤ ከምህዋር ግን የታየው ጥቂት ነው። በ2025 የኪውሪዮሲቲ ቡድን በጌል ተራራ ላይ ሰልፌት ባለባቸው ንብርብሮች ውስጥ ሲደራይት፣ የብረት ካርቦኔት ማለት ነው፣ ማግኘቱን አሳተመ። በክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ነው። ከምህዋር አይታይም ነበር። በሌሎች ሰልፌት ያለባቸው ቦታዎችም ተደብቆ ካለ፣ ጥንታዊው አየር ከገመትነው በላይ ወፍራም ነበር ማለት ነው። ይህ የላዩን ሸክላ ዘመን ሊያስረዝመው ይችላል። የጥልቁን አይነካውም።

ቀጣዩ ፈተና ኦክሲያ ፕላነም በሚባለው ሜዳ ነው። የአውሮፓው ሮቨር ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በ2028 ሊወነጨፍ የታቀደው ወደዚያ ነው። ሜዳው የብረትና የማግኒዥየም ሸክላ የሞላበት ነው። ሮቨሩም እስከ 2 ሜትር ድረስ ይቆፍራል። እኔ መጀመሪያ የማየው ሸክላው ስንጥቅ እየተከተለ መሄዱን ወይም በደለል ንጣፍ ተሰልፎ መቀመጡን ነው። ስንጥቅ ከተከተለ ከሥር የመጣ ውሃ ነው፣ ከተሰለፈ ውሃ ያመጣው ወይም ሐይቅ ያስቀመጠው።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ ውሃውስ የት ገባ? የተወሰነው ወደ ጠፈር አምልጧል። የቀረው ብዙ ክፍል እዚያው ቅርፊት ውስጥ፣ በሸክላና በመሰል ማዕድናት ተይዟል። ኢቫ ሼለርና ባልደረቦቿ በ2021 ባወጡት ስሌት ማርስ ከመጀመሪያ ውሃዋ ከ30 እስከ 99 በመቶ የሚሆነውን ያጣችው በዚህ መንገድ ነው። ክልሉ እጅግ ሰፊ ነው፤ ዝቅተኛው ግምት እንኳ ግን ቀላል አይደለም። ምድር ላይ የተያዘው ውሃ ከቅርፊቱ ጋር ወደ ጥልቅ ወርዶ በእሳተ ገሞራ ይመለሳል። ማርስ እንደዚያ የሚንቀሳቀስ ቅርፊት ስለሌላት የገባው እዚያው ቀረ።

ያን ውሃ ኪውሪዮሲቲ በምድጃው አሙቆ ከየሎናይፍ ቤይ ሸክላ አውጥቶታል። ከባድ ሃይድሮጅን፣ ማለትም ዲዩተሪየም፣ ከቀላሉ ጋር ያለው ሬሾ ተለካ። ቀላሉ ወደ ጠፈር ቶሎ ስለሚያመልጥ፣ ውሃ በጠፋ ቁጥር ሬሾው ይጨምራል። በዛሬው የማርስ አየር ከምድር ውቅያኖስ 6 እጥፍ ገደማ ነው። በዚያ ሸክላ ውስጥ 3 እጥፍ ነው። ማለትም ሐይቁ በነበረበት ዘመን ማርስ ውሃዋን ማጣት ከጀመረች ቆይታለች፣ ብዙ የሚያመልጥ ውሃም ገና ይቀራት ነበር።